ሃያ አራት ነጭ ወንበሮች

በላስ ቬጋስና አካባቢዋ የሚገኘው «ተባበር» መረዳጃ እድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ ሐሙስ ነሐሴ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በዙም ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ፣ የእድሩ ንብረት የሆኑት ሃያ አራት ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች በስድስት ጫማ ርቀት እንዲደረደሩ በዘጠኝ ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ መወሰኑን ለመላው አባላት በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል። ርቀቱ የሚለካው ከወንበር እግር እስከ ወንበር እግር እንጂ ከጉልበት እስከ ጉልበት አለመሆኑም ይሰመርበታል።

ሙጃሂድ ይህን ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ያነበበው ከኤርፖርቱ ጀርባ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ሆኖ ነው። ከኮሮና በፊት መቶ ታክሲ ይጋፋበት የነበረ ሜዳ፣ ያን ቀን አሥራ አራት ብቻ ቆመውበታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የኮሚቴውን ደብዳቤ በዜና አንባቢ ድምፅ አንብቦ ጎረቤት ሹፌሮችን ያስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ስልኩን ኪሱ ከተተው። ወንበሮቹ የሚደረደሩት ለዘውገ ነው።

ዘውገ ማክሰኞ ሞተ። በአንድ ትልቅ ሆቴል አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንሶላና ፎጣ የሚያመላልስ ሠራተኛ ነበር። ሆቴሉ በግንቦት መጨረሻ እንደገና ሲከፈት ሥራው ተመለሰለት፤ በሐምሌ ሳል ጀመረው፤ አምቡላንስ ሲወስደው ስልኩ አልጋው ላይ ቀረ። ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ካለው ቤታቸው ክፍል ያከራዩት የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ግዛቸው የተሰናበቱት የሆስፒታሉ ነርስ በያዘችለት ታብሌት ነው። እሱም መሃል ላይ ኔትዎርኩ ተቋርጦ፣ የዘውገ ፊት አንድ ዓይኑ እንደተከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

ዘውገ በዚህ አገር ያለው ዘመድ አንዲት ታላቅ እህት ናት፤ ጸዳለ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮለምበስ የምትኖር። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። «በስክሪን የተሰናበትነውን ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም የሚለው የትኛው አንቀጽ ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ አባል ነበር። በወንበሮቹ ላይ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገውም እሱ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ጸዳለን በዘዴ ሊያስመጣት ወሰነ። ጋሽ ግዛቸው የሟቹን ስልክ ከፈቱ፤ የይለፍ ቁጥሩ የልደት ዓመቱ ነበር። ከዚያም አገር ቤት የቀበሌ ጸሐፊ ሳሉ በለመዱት አጻጻፍ ጻፉ፤ «ውድ እህቴ ጸዳለ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ከሥራ ጫና እፎይ ትይ ዘንድ የእንቁላል ቁርስን ጨምሮ የሦስት ሌሊት የሆቴል ዕረፍት ተመቻችቶልሻል። ቅዳሜ እንድትገኚ።» ቲኬቱን እድሩ ቆረጠ።

ከኤርፖርት የሚያመጣት ሰው ጉዳይ ሲነሳ ክርክር አልነበረም። ሙጃሂድ በከተማው ሐበሻ ዘንድ የሚታወቀው «ቱኔሉ» በሚል ስም ነው። ከኤርፖርት እስከ ሆቴሎቹ አሥር ደቂቃ ነው፤ መንገዱን የማያውቅ ሰው ሲጭን ግን በኤርፖርቱ ሥር ባለው ቱኔል ሾልኮ፣ ፍሪዌይ ወጥቶ፣ ከተማዋን በጀርባዋ ዞሮ የሚያመጣ ሹፌር አለ። ሙጃሂድ ያንን ያደርግ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ አባል አክስትን በቱኔል አዙሮ ስላመጣ እድሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶታል። ደብዳቤውን የፈረሙት ጋሽ ግዛቸው ናቸው። አሁን የደወሉትም እሳቸው ናቸው።

«አራት ሰዓት ትገባለች። እስከ ስድስት ሰዓት አዙራት። ሽማግሌዎቹ ግማሹ ከሺፍት የሚወጡት ያኔ ነው።»

«የት ላዙራት ጋሽ?»

«እሱን ለአንተ ልንገርህ?»

ቅዳሜ ዕለት ጸዳለ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትወጣ ከሩቅ የታየው ኮፍያዋ ነው። እንደ ሰፌድ የሰፋ፣ ሰማያዊ ጥብጣብ የዞረበት የገለባ ኮፍያ። በጭምብሉና በኮፍያው መካከል የዘውገ ዓይኖች ነበሩ። ሙጃሂድ ሻንጣውን ለመቀበል ጎንበስ ያለው እነዚያን ዓይኖች ላለማየት ጭምር ነው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ ጸዳለ።»

«ዘውገስ?»

«ሺፍት ላይ ነው። ኦቨርታይም ያዙት።»

«ሆቴሉ ባዶ ነው ሲባል፣ ኦቨርታይሙ ከየት መጣ?»

ሙጃሂድ የመኪናውን በር ከፈተላት።

«አንተ ነህ ሙጃሂድ፣ ቱኔሉ?» አለችው ከኋላ ወንበር ቀበቶዋን እያሰረች።

«ማን ነገረዎት?»

«ዘውገ ነዋ። ‹እሱ ካነሳሽ በዩታ ግዛት በኩል ዞረሽ ነው የምትገቢው› ብሎኛል።»

ሙጃሂድ ሊስቅ ሞከረ። የሂሳብ ሜትሩን ሳይነካ ቱኔሉ ውስጥ ገባ።

ሲወጡ ስልኳ ጮኸ። ለራሷ አነበበችው፣ ከዚያ ጮክ አድርጋ ደገመችው። «ውድ እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። በአካል ባለመገኘቴ የተሰማኝን ልባዊ ይቅርታ እገልጻለሁ።» ስልኩን ጭኗ ላይ በፊቱ ደፋችው። ሙጃሂድ በመስታወቱ አያት። ውጭውን ነበር የምታየው።

ወደ ደቡብ ነዳ። «አንተም» የሚባለው ሰፈር ያለበት ኮረብታ ላይ ወጡ፤ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አሸዋማ ቀለም፣ ሁሉም መጋረጃ የተዘጋ። መቶ አሥር ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ ከአስፋልቱ ላይ ሙቀቱ እንደ ውሃ ይተናል።

«ሆቴሉ ተራራ ላይ ነው?» አለች።

«አይ፣ አካባቢውን ላሳይዎት ብዬ ነው።»

«ጥሩ ነው። ሰው የለውም እንጂ።»

ስልኩ ተንጫረረ። ጆሮው ላይ የሰካው ማዳመጫ ውስጥ የጋሽ ግዛቸው ድምፅ ገባ። የቤታቸው ሳሎን በስድስት ጫማ ሲለካ የያዘው ስምንት ወንበር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ ጓሮ ወጥቷል፤ ድንኳኑን የሚያመጣው ልጅ ገና ነው፤ ቄሱ ፀሐዩን አልቻሉትም። «ጨምርበት» አሉት።

«እሺ» አለ ሙጃሂድ። ወደ ኋላ ዞር ብሎም፣ «ታክሲ የሚመድበው ዲስፓቸር ነው» አላት።

«ዲስፓቸር አማርኛ ይናገራል?»

«እየለመደ ነው።»

በጭምብሏ ውስጥ አጭር ሳቅ ሰማ። የሱ አባት ኮምቦልቻ ላይ ጠዋት ሞተው ከሰዓት ተቀብረው፣ እዚሁ ታክሲ ውስጥ ሆኖ በዚያው ቀን ተደውሎለታል። በእነሱ ዘንድ ሬሳ አያድርም። ይቺ ሴትዮ ወንድሟ ከሞተ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ እሱ ደግሞ ቤት ያስጎበኛታል።

ከኮረብታው ወርዶ ወደ ሰሜን፣ እስከ ሠዓሊዎቹ ሰፈር፣ እስከ አርትስ ዲስትሪክት ድረስ ነዳ። ግድግዳ ላይ የተሳሉትን ሥዕሎች አሳያት፣ የተዘጉትን ቡና ቤቶችም አሳያት። የሚያሳየው ሲያልቅበት ጸዳለ ኮፍያዋን ከጭኗ አንስታ አስተካከለችው።

«ሙጃሂድ፣ ሆቴሉ ውሰደኝ።»

«ክፍሉ አልደረሰም እኮ።»

«ክፍሉ ባይደርስ ሎቢው ይደርሳል።» የኮፍያውን ጥብጣብ በጣቷ ዳሰሰች። «በመጋቢት፣ ሁሉ ነገር ከመዘጋቱ በፊት፣ ዘውገ ‹እኔ የምሠራበት ሆቴል ላስተኛሽ ነው› አለኝ። አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ። ጠዋት በሩን አንኳኩቶ ‹ሃውስኪፒንግ› ሊለኝ። ‹ፀሐዩ ይበላሻል፣ ኮፍያ ሳትይዢ እንዳትመጪ› አለኝ። ገዝቼ ነው የመጣሁት።»

ሙጃሂድ መሪውን ጨብጦ አሰበ። ያ ሆቴል በምድር ላይ ሊወስዳት የማይገባው ብቸኛ ቦታ ነው። የዘውገ ፎቶ በሠራተኞች መግቢያ በር ላይ ተለጥፏል፤ ግማሹ ሠራተኛ ሐበሻ ነው፤ አንዱ «ነፍስ ይማር» ካለ አለቀ። ሃያ አራቱም ወንበሮች ባዶ ቀሩ ማለት ነው። የኮሚቴው ትእዛዝ ግልጽ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ኮፍያ ይዛ መጥታለች።

ሙጃሂድ በቀጥታ፣ ያለ ቱኔል፣ በአጭሩ መንገድ ወሰዳት።

በሩ ላይ የሙቀት መለኪያ ግንባራቸው ላይ ተደቀነባቸው። ውስጡ ቀዝቃዛና ሰፊ ነው። የቁማር ማሽኖቹ አንዱ እየታለፈ አንዱ ተዘግተዋል፤ የተከፈቱት ሰሚ ሳይኖራቸው እየዘፈኑ ነው። ጸዳለ ኮፍያዋን አደረገች። ሊፍቶቹ ጋ ሄዳ ቆመችና ከበሩ በላይ የሚበሩትን ቁጥሮች አየች። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት። ዘበኛው የክፍል ቁልፍ ጠየቃት፤ ሙጃሂድ «ጥቂት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ለመነው።

ያኔ ፈዲላ መጣች። የሎቢው ጽዳት ሠራተኛ፣ ዘውገ ምሳዋን የሚካፈላት ልጅ። መጀመሪያ ሙጃሂድን አየች፤ ቀጥላ ከኮፍያው በታች ያሉትን ዓይኖች አየች። እጇ ደረቷ ላይ ወጣ። ሙጃሂድ ከጸዳለ ጀርባ ሆኖ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፤ እንደ ልመና።

«እንኳን ደህና መጡ» አለች ፈዲላ። «ዘውገ… ክፍልዎን ራሱ ነው የሚያዘጋጀው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ጸዳለ፣ የልጅቷ ደረት ላይ የተለጠፈውን ስም አንብባ። «ስለ አንቺ አውርቶልኛል፤ ምሳሽን እየበላ።»

ፈዲላ መጥረጊያዋን ይዛ በፍጥነት ሄደች። ከጭምብሏ በላይ ያለው እንዳይታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ጸዳለ አንዱ የተዘጋ ማሽን ፊት ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። የሙጃሂድ ስልክ አራት ጊዜ ተንጫረረ፤ በአምስተኛው አጠፋው። ከዚያ ተነስታ «እንሂድ» አለችው።

መኪናው ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ገና ሳይነቃነቅ፣ ከኋላው በተረጋጋ ድምፅ ጠየቀችው።

«ስንት ወንበር ደረደሩ?»

የሙጃሂድ እጅ ማርሹ ላይ ቀረ። ሊዋሽ አፉን ከፈተ። የተዘጋጀለት ሁሉ፣ ሺፍቱም፣ ኦቨርታይሙም፣ ከአፉ አልወጣ አለ።

«ሃያ አራት» አለ።

ጸዳለ ራሷን ነቀነቀች። ጭምብሏን አወረደች፤ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። አላለቀሰችም።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

ኤሲው ይነፋል። አንድ ሌላ ታክሲ ከኋላ ክላክስ አደረገባቸው፤ ሙጃሂድ አልተንቀሳቀሰም።

«ከመቼ ጀምሮ አወቁ፣ እትዬ?»

«መልእክቱ ሲደርሰኝ። ዘውገ ጽፎልኝ አያውቅም፤ ሰነፍ ነው፣ በድምፅ ነው የሚልክልኝ። ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፍልሰታን የሚጾም ልጅ፣ በነሐሴ ዘጠኝ ሆቴል ነይ፣ እንቁላል አለው ይለኛል?» አፍንጫዋን ጠረገች። «እናታችን የሞተች ጊዜ እኔን ‹ሶደሬ እንዝናና› ብለው ነው የወሰዱኝ። የዋና ልብስ ለብሼ ነው የተረዳሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማንም አልነገረኝማ። ማንም እስካልነገረኝ ድረስ ወንድሜ ኦቨርታይም ላይ ነው።» ወደ ሆቴሉ መስኮቶች ቀና አለች። «አሁን ነገርከኝ።»

«አጠፋሁ።»

«አላጠፋህም። ግን ለማንም እንዳትናገር። ሰዎቹ ደክመዋል፣ ወንበር ደርድረዋል። እንደ አዲስ አለቅስላቸዋለሁ።» ኮፍያዋን አውልቃ አጠገቧ አስቀመጠች። «አንድ ነገር ላስቸግርህ። በቱኔሉ ውሰደኝ። ረጅሙን።»

ወሰዳት። አንድ ጊዜ ዞሩ፤ «ድገመው» አለችው፤ ደገመው። ጨለማው ውስጥ ሲገቡ ታለቅሳለች፤ ብርሃኑ ላይ ሲወጡ ዝም ትላለች። ስንት ጊዜ እንደዞሩ ሙጃሂድ አልቆጠረም።

ሲልቬራዶ ራንች ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በጓሮው በር ስትገባ ሃያ አራት ሰው ከሃያ አራት ነጭ ወንበር በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ አንደኛው ከሌላው ስድስት ጫማ ርቆ። ጋሽ ግዛቸው ከወረቀት ላይ ያዘጋጁትን ንግግር ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጸዳለ የመጀመሪያውን ቃል አልጠበቀችም። «ወንድሜን!» ብላ መሬት ወደቀች። ማንም ሊያነሳት አልደፈረም፤ ርቀቱ ተወስኗል። ከዚያ አንዲት ሴት ወንበሯን ገፍትራ ሄዳ አቀፈቻት፣ ሌላዋም ተከተለች፤ ዘጠኝ ድጋፍ ያገኘው ውሳኔ በግማሽ ደቂቃ ተሻረ።

ሙጃሂድ ታክሲው ጋ ቆሞ ነበር። ጋሽ ግዛቸው ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ፣ ጭምብላቸው አገጫቸው ላይ ወርዶ መጡ።

«ስድስት ሰዓት ላይ ትንሽ ጨምርበት አልንህ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ጠበስክ። ቄሱን ሁለቴ ውሃ አፈሰስንባቸው። ስልክህን ለምን አጠፋህ?»

ሙጃሂድ የፊት መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ።

«እኔ አፌን ሳልከፍት ነው የጮኸችው። ዓይኗ አብጦ ነው የገባችው። ነግረሃታል?»

ሙጃሂድ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

«የት ወስደሃት ነው? በቱኔል አዞርካት እንዴ፣ ሐዘንተኛ ሴት?» በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አዩ። የኋላ ወንበር ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ያለው የገለባ ኮፍያ ተቀምጧል። «ይሄስ ምንድን ነው?»

ሙጃሂድ በሩን ከፍቶ ኮፍያውን አነሳና እንዳይታጠፍ በሁለት እጁ ያዘው።

«አልናገርም፣ ጋሽ ግዛቸው።»

«ለኮሚቴው ሪፖርት ታቀርባለህ። በጽሑፍ።»

«ለኮሚቴውም አልናገርም።»