የሒሳብ ላይ ጀግኖች

በእኛ ምግብ ቤት ለሒሳብ የሚሞት እንጂ ሒሳብ የሚከፍል አልነበረም። ይህን የምለው በሐሜት አይደለም፤ አብዮቱ ከባለቤቱ ወርሶ ለሰፊው ሕዝብ ባስረከበው፣ አዋሳ ሐይቅ ዳር በነበረው ምግብ ቤት ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ቢራ ስከፍት በዓይኔ ያየሁት ነው። ሰፊው ሕዝብ እንኳ ብዙም አይመጣም ነበር። የሚመጡት የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ናቸው።

ከሁሉም የከፉት ሦስት ነበሩ። ጓድ ገብረጻድቅ ካድሬ ነው፤ ዓሣ ሲበላም ስብሰባ የሚመራ ይመስላል። ሸዋንግዛው የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሲስቅ ጠረጴዛው ይነቃነቃል። ጉልላት ደግሞ የሁለቱ አጨብጫቢ ነው፤ ሌላ ሥራ ይኑረው አይኑረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ደመወዝ በወጣ ቅዳሜ ምሳ ላይ ይመጡና መስኮት ዳር ተቀምጠው እጃቸውን ያጨበጭባሉ። ታቢታ ትሮጣለች።

ታቢታ አስተናጋጃችን ናት፤ የሲዳማ ልጅ፣ ቃሏ ጥቂት፣ እግሯ ፈጣን። ጠዋት ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የመጣውን ዓሣ አስጠብሳ ስታቀርብላቸው «ደረቀ» ይላሉ፤ ትመልሰዋለች። «ሎሚ!» ትሮጣለች። «ዳጣ!» ትሮጣለች። «ይሄ ቢራ አልቀዘቀዘም!» አሁንም ትሮጣለች። እሾህ የተፉበትን ሳህን አንሥታ ንጹሕ ታመጣላቸዋለች። አመሰግናለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አልሰማሁም።

ከዚያ ሒሳብ ይጠየቃል፤ ጦርነቱም ይጀመራል።

«ሞቼ እገኛለሁ! እኔ ነኝ የምከፍለው!» ይላል ገብረጻድቅ ተነሥቶ።

«በእናቴ አጥንት! አንቺ፣ የሱን እንዳትቀበዪ!» ይላል ሸዋንግዛው አንድ ክንዷን ይዞ።

«እኔስ ወንድ አይደለሁም እንዴ!» ይላል ጉልላት ሌላውን ክንዷን ይዞ።

አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይጎትቷታል። ትሪው ይገለበጣል፤ ብርጭቆ ይሰበራል። እነዚህን ጀግኖች ወደ ሰሜን ግንባር ቢልኳቸው ጦርነቱ በሳምንት ባለቀ ነበር እል ነበር በሆዴ፤ ችግሩ ግንባር ላይ ክንዷን የሚይዟት አስተናጋጅ የለችም።

በመጨረሻ አንዱ ይከፍላል፤ መልሱን አንድ ሳንቲም ሳያስቀር ለቅሞ ኪሱ ይከታል። ጉርሻ እንዳትሉኝ! ጓድ ገብረጻድቅ በጉርሻ ላይ ጠንካራ አቋም አለው። «ጉርሻ የፊውዳል ርዝራዥ ነው፤ ሠርቶ አደሩን ማዋረድ ነው» ብሎ አስተምሮናል። እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል ታቢታን አንድ ቀን እንኳ አዋርደዋት አያውቁም። የተሰበረው ብርጭቆ ግን የሰፊው ሕዝብ ንብረት ስለሆነ ከደመወዟ ይቆረጣል። እሷ ስብርባሪውን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች፤ እኔ በሷ ፈንታ እበግናለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። አንድ ቀን ጠርቶ «ታቢታ፣ ከእንግዲህ አንድ ብርጭቆ ቢሰበር አሰናብትሻለሁ። እኔንም ከላይ ይጠይቁኛል» አላት። ማን እንደሚሰብረው አጥቶት አይደለም። ታቢታ ደግሞ ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው፤ ከዚያ ቤት ከወጣች የምትገባበት አልነበራትም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሦስቱ ከተፍ አሉ።

በልተው ሲጨርሱ ገብረጻድቅ እጁን ሊታጠብ ተነሣ። መታጠቢያው ከባንኮኒዬ አጠገብ ስለሆነ የማልሰማው ነገር የለም። ታቢታን ጠቀስ አደረጋትና «ስሚ፣ እኔ ልክፈል ብዬ እታገላለሁ፤ አንቺ ግን ከእኔ እንዳትቀበዪ» አላት። እሱ ተመልሶ ሳይቀመጥ ሸዋንግዛው መጣ። «ዛሬ የእኔን ብር እምቢ በዪ፤ ምክንያት አለኝ» አላት። ቀጥሎ ጉልላት እጁን እያራገፈ «እኔን ዝለይኝ፣ እህቴ» አለ። እህቴ ብሎ ሲጠራት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታቢታ ወደ እኔ ዞረች። «ሙክታር፣ ሦስቱም አትቀበዪን አሉኝ። ከማን ልቀበል?»

«ከሰይጣን!» አልኳት፤ ተናድጄ ነበር።

አልሳቀችም። ሄዳ ብርጭቆውን፣ ጠርሙሱን፣ ሳህኑን ሁሉ ከጠረጴዛው አንሥታ ባንኮኒዬ ላይ ደረደረችው። ጉልላት «ቢራዬን አልጨረስኩም!» ብሎ ቢጮህም አልሰማችውም። ከዚያ ሒሳቡን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ፈንጠር ብላ፣ እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ ቆመች።

«ሞቼ እገኛለሁ!»

«በእናቴ አጥንት!»

«እኔስ ወንድ አይደለሁም እንዴ!»

ብር የያዘ ሦስት እጅ ተዘረጋ። የሚጎተት ክንድ ግን የለም። ታቢታ አትቀበልም፤ እምቢም አትልም። እንደገና ማሉ። ሸዋንግዛው እናቱን ጨርሶ የአያቱ አጥንት ላይ ደረሰ። ጠረጴዛው እፊታቸው ነው፤ ብሩን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ማንም አላስቀመጠም። ለካ ያ ሁሉ ጀግንነት ሲታይ የኖረው በእሷ ክንድ ላይ ነው! ክንዷ ሲጠፋ መሐላውም አለቀባቸው። በየጠረጴዛው የሚበላው ሰው መብላቱን ትቶ ማየት ጀመረ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ተቀበዪ እንጂ!» ብሎ ገብረጻድቅ ጮኸባት።

«ከማን ልቀበል፣ ጓድ?» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ ከእኔ እንዳትቀበዪ አሉኝ። ጋሼ ሸዋንግዛውም እንደዚያው አሉኝ። ጋሼ ጉልላትም ዝለይኝ አሉ። እናንተ ተስማሙ፤ እኔ እጠብቃለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ጥግ ላይ ዓሣ የሚበላ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። በዚያ ዘመን ካድሬ ላይ መሳቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ ግን ሳቅ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ከመጣ አይመለስም። ወላሂ፣ እኔም ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብዬ ሳቅሁ።

ገብረጻድቅ ፊቱ በርበሬ መስሎ የሒሳቡን ብር ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ሸዋንግዛው ስሙን ለማዳን ቸኮለ። «እኛ ለገንዘብ የምንሳሳ ሰዎች ነን? እንኪ፣ ይሄ ላንቺ ነው!» ብሎ አምስት ብር ዘረጋላት። «ሞቼ እገኛለሁ! ለእሷ የምሰጠው እኔ ነኝ!» ብሎ ጉልላት አሥር ብር አወጣ። ገብረጻድቅ በጉልላት እንዴት ይሸነፍ! የፊውዳሉን ርዝራዥ ረስቶ እሱም አሥር ብር መዘዘና «የነሱን እንዳትቀበዪ!» አለ።

ታቢታ አንድ እጇን ከጀርባዋ አወጣችና የሦስቱንም ላፍ አደረገችው።

«ጌታ ይባርካችሁ» አለች። «ስለ ጉርሻው አስቀድሞ አትቀበዪ ያለኝ የለም።»

ገብረጻድቅ ሲወጣ በሩ ላይ ደምሴን አገኘው። «ይቺ ሴትዮ ዛሬውኑ ትባረር!» አለ። ደምሴ ደነገጠ፤ ወለሉን በዓይኑ ቃኘ፤ ስብርባሪ የለም። «ምን አድርጋ ነው፣ ጓድ?» ሲል ጠየቀ። ገብረጻድቅ እውነቱን አይናገር ነገር፤ ምን ይበል? በመጨረሻ «ዓሣው ጨው በዝቶበታል» ብሎ ወጣ።

እኔ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ «ታቢታ! እጅሽን ወደ ኋላ ማድረግሽ! ይህን ብልሃት ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«የምን ብልሃት» አለችና እጆቿን ባንኮኒው ላይ አሳረፈቻቸው። አሁንም ይንቀጠቀጡ ነበር። «እንዳያዩብኝ ነው።»