የቤት ውሃ

የቤቱ ባለቤት ከእንጆሪው አንድም ፍሬ እንዳልቀመሱ እናትየዋ ያስተዋለችው አራተኛውን ከዋጠች በኋላ ነበር። ሴትዮዋ «ይብሉ እንጂ» እያሉ ሳህኑን ወደ እሷና ወደ ልጇ ያስጠጋሉ፤ የራሳቸው እጅ ግን ከጭናቸው አልተነሳም።

እናትየዋ የመጣችው ልጇ የተከራየችውን ክፍል ለማየት ነው። ልጅቷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ስለሄደ፣ ለመሥሪያ ቤቴ ይቀርበኛል ብላ ሻንጣዋን ጠዋት አስገብታለች። ክፍሉ ቁልቁል በእርከን ከተሠራው አትክልት ቦታ፣ ከአምስተኛው እርከን ግርጌ ነው። አትክልቱን የባለቤቲቱ አያት ካስተከሉት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ደጅ ይጠናሉ። እናትየዋ የሚናድ ካብ፣ የሚያንሸራትት ደረጃና እባብ ስታስብ አድራለች።

«ይኼ ሁሉ ልምላሜ በምን ውሃ ነው?»

«በቤት ውሃ» አሉ ባለቤቲቱ። «ከላይ ተነስቶ እርከን በእርከን ይወርዳል። አያቴ የቀየሱት ነው።»

የጉድጓድ ውሃ መሰላትና ደስ አላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ስትል የኖረች ሴት ያን ቀን ሳትጠረጥር ተመነጠረች።

ከልጇ ጋር ሲወርዱ ሦስተኛው እርከን ላይ ሽታ ተቀበላቸው። አራተኛው ላይ አትክልተኛው ቦይ ይጠርጋል፤ ከአካፋው ጫፍ የራሰ ሶፍት ተንጠልጥሏል።

«ወንድሜ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የቤት ውሃ ነዋ፣ እትዬ።»

«የምን ቤት?»

አትክልተኛው ሽቅብ ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ግቢ ሽንት ቤት ማለት ነውር ነው። ቤት ብቻ ነው የሚባል። እኔም ስቀጠር አልገባኝም፤ ‹ቤት ደርሼ ልምጣ› ሲሉኝ፣ ታዲያ ይኼ የማን ቤት ነው እል ነበር።»

«እንጆሪውም?»

«እሱማ ከቦዩ አፍ ነው። ለእንግዳ ነው። እነሱ ለራሳቸው ከሱቅ ያስገዛሉ።»

እናትየዋ ምላሷን በመሐረብ ደጋግማ ጠረገች።

«እማዬ፣ ታጥቦ ነው የቀረበው» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «አንቺ ሁሌ የከፋውን ነው የምታስቢው።»

«ይኼንንስ አላሰብኩትም፣ ልጄ። ይኼን ሰው ያስባል?»

ክፍሉ ውስጥ፣ ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው አልቦታል። እናትየዋ በጣቷ ነካችው፤ ቡናማ ልጋግ ተከትሏት መጣ። አሸተተችውና ጣቷን ከሰውነቷ አርቃ ቆመች። ያን ጊዜ ልጅቷ ሳቋን ተወች።

«ከባሌ ጋር ስናየው ደረቅ ነበር።»

«በበጋ ነዋ ያያችሁት» አለ አትክልተኛው ከደጅ። «እንግዲህ የታችኛውን በር ልዘጋ ነው። ቁልፉ እላይ ነው የሚያድር፤ እስኪነጋ የሚከፍት የለም።»

«የእኔ ቤት ጠባብ ነው» አለች እናትየዋ። «ጣሪያውም ያፈሳል። ግን ዝናብ ነው የሚያፈሰው።»

ባለቤቲቱ ከላይኛው እርከን ብቅ አሉ። «ክፍሉ ተስማማችሁ? ታሪካዊ እኮ ነው።»

ልጅቷ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ወዲያው በእጇ አፈነችውና ከካቡ ሥር ጎንበስ ብላ የበላችውን ሁሉ አወጣች። እናትየዋ ግንባሯን ደገፈችላት። ከዚያ ሻንጣውን ራሷ አንስታ በታችኛው በር ቀድማ ወጣች፤ ልጅቷም ከንፈሯን እየጠረገች ተከተለቻት።

አትክልተኛው በሩን ገጠመና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረው።