ተገልብጦ የተዘረጋ ገመድ

ሰው ለገመድ ሲከራከር ማየት የሚወድ ካለ ገመዱ ሱቅ ይሂድ። ገመዱ ስሙ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ የቴሌቪዥን ገመድ ሲሸጥና ሲዘረጋ ስለኖረ ሰፈሩ ያወጣለት ነው። "ጫፉ ወርቅ የተቀባው ምስሉን ያጠራዋል አይደል?" የሚል ደንበኛ በየቀኑ አይጠፋም፤ እሱም በየቀኑ ያንኑ ይመልሳል። ኤችዲኤምአይ የሚባለው የምስል ገመድ ዲጂታል ነው፤ ምስሉ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም። ወርቅ ቢቀቡት ባይቀቡት የተዋናዩን መልክ አያሳምረውም። ድሮ በአንቴናው ጊዜ ስክሪኑ ላይ ከእያንዳንዱ ሰው ጀርባ ጥላ የመሰለ ሌላ ሰው ይቆም ነበር፤ እሱም ቀርቷል። "ዲጂታል ጥላ አያውቅም" ይላል ገመዱ አፉን ሞልቶ። ተው የሚለው ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

ርዝመት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግድግዳ አቋርጦ ከክፍል ክፍል የሚሄድ ከሆነ ተራው ገመድ መንገድ ላይ ይደክማል፤ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ሲብስበትም ጭራሽ ይጠፋል። ለእንዲህ ያለው፣ ምስሉን በቀጭን የመስታወት ክር በብርሃን የሚያሻግር ገመድ አለ። ጠባዩ አንድ ነው፤ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አንዱ ጫፍ ላይ "ማጫወቻ"፣ ሌላው ላይ "ስክሪን" የሚል ምልክት አለው። ገልብጠው ከሰኩት ምንም አያሳይም።

ገመዱ ይህን ሁሉ ለእህቱ ባል ነግሮት ነበር። ግን ለማን ነው የሚነገረው? ሰውየው "አውቃለሁ" ከማለት በቀር መልስ ስለሌለው ገመዱ በሆዱ አቶ አውቃለሁ ይለው ነበር። አቶ አውቃለሁ ሳንባው ታሞ መኝታ ክፍል ሲውል፣ ሐኪሙ የሰው ትንፋሽ እንዳይደርስበት ብሎ ማንም እንዳይጠጋው ከለከለ። ሚስቱ እንኳ ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ትመለስ ነበር። "እንግዲያው ፊልም አብረን እናያለን" አላት ባሏ። ማጫወቻውና ትንሽ ስክሪን አልጋው አጠገብ፣ ትልቁ ቴሌቪዥን እሷ ካለችበት ሳሎን፣ መሃል ላይ ረጅሙ ገመድ። ገመዱ ልዘርጋልህ ቢለው "አውቃለሁ" አለና ጉልበቱ ጨርሶ ሳይከዳው ግድግዳውን ራሱ ፈልፍሎ ቀበረው፤ በሲሚንቶ ደፍኖም ቀለም ቀባው።

ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት ማታ ማታ በየክፍላቸው ሆነው ፊልም ያዩ ነበር። እሱ ሲስቅ እሷም ትስቃለች። ደስ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጋል፤ እሷም መልሳ ታንኳኳለች። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

አሁን ቤቱ ተሽጧል። ገዢው ነገ ይገባል፤ የጭነት መኪናው ደጅ ቆሟል። ዕቃው ተጭኖ የቀረው ሶፋው፣ ትልቁ ቴሌቪዥንና የመኝታ ክፍሉ ትርፍራፊ ነው። እህቱ ግን ከሶፋው ወይ ፍንክች። ልጆቿ ለምነው ቢያቅታቸው "አንተን ትሰማሃለች" ብለው አጎታቸውን ላኩት። ገመዱ ፈርቷል። ባሏ ከሞተ ወዲህ እህል በቅጡ አልቀመሰችም፤ ልብሷ ሁሉ ሰፍቷታል። እዚህ ቤት ከቀረች ባሏን መከተሏ እንደማይቀር ገብቶታል። ዛሬ ይዟት መውጣት አለበት።

"እትዬ፣ በይ ተነሽ። ሹፌሩ ሊያብድ ነው።"

"ይበድ" አለች። ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጋ ጠቁሮ የቆመውን ትልቁን ቴሌቪዥን ታያለች። "እኔ ከሄድኩ ከየት ሆኖ ያየኛል?"

"ማን?"

"ማን ይሆናል ማሙሽ።" ገመዱ ጠጉሩ ገብስማ ሆኗል፤ ለእሷ ግን ማሙሽ ነው። "ብርድ ልብስ ሳልለብስ ካንቀላፋሁ አሁንም ያንኳኳል።"

ሐዘን የማያሰኘው የለም አለ ገመዱ በልቡ። ቴሌቪዥኑ ቢነሳ የምታየው ስታጣ ትነሳለች ብሎ ከኋላው ጎንበስ አለና መጀመሪያ የመብራቱን ገመድ ነቀለ። ቀጥሎ ከግድግዳው የመጣውን ረጅሙን ገመድ ሊነቅል ሲል ጫፉን አየው። "ማጫወቻ" ይላል። ሳቁ መጣ። አቶ አውቃለሁ ገልብጦ ሰክቶታል።

"እትዬ፣ ይሄ ቴሌቪዥን ምስል አሳይቶሽ ያውቃል?"

የቀሚሷን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር። "አንድም ቀን" አለች።

"ታዲያ ማታ ማታ ምን ነበር የምታዪው?"

"ጥቁሩን ነዋ። በዚያ አቅሙ ግድግዳ ፈልፍሎ፣ አይሠራም ልበለው? ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሲያንኳኳ አንኳኳለሁ። ጠዋት ከበሩ ወዲያ ሆኖ 'እንዴት ነበር?' ሲለኝ 'ግሩም ነው' እለዋለሁ። አላወቀብኝም።" ትንሽ አሰበች። "አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል። 'ማታ እኮ ብርድ ልብስ ሳትለብሺ ነው የተኛሽው' ይለኝ ነበር። 'ቢጫው ሻሽ ያምርብሻል' ይለኝ ነበር። በሩ ዝግ ነው። ከየት አየኝ?"

ገመዱ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወጣ። የረጅሙን ገመድ ሌላ ጫፍ ለማየት ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደ። ፍራሹ ተነስቶ አልጋው አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ የመድኃኒቱ ሽታ ግን አልወጣም። ማጫወቻውን አነሳው። የመብራት ገመዱ ከፋብሪካ እንደመጣ ተጣጥፎ ታስሯል። አንድም ፊልም ተጫውቶበት አያውቅም። ከግድግዳው የወጣው ገመድም ማጫወቻው ላይ አልተሰካም፤ የተሰካው ትንሹ ስክሪን ላይ ነው።

ሳቁ ጠፋ። አቶ አውቃለሁ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ እስከ መጨረሻው መስመር የሚያነብ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በትልቁ የተጻፈ ምልክት አይስትም።

ስክሪኑን አበራው። ጥቁር ነገር ነበር የጠበቀው። ሳሎኑ ታየው፤ ልክ ትልቁ ቴሌቪዥን መስኮት ሆኖ በእሱ በኩል እንደሚያዩት፣ ጥርት ብሎ፣ የሶፋው ስፌት ሳይቀር። እህቱ ተቀምጣ በቀጥታ ወደ እሱ ታያለች፤ የቀሚሷን ጫፍ ታፍተለትላለች። ያ ቴሌቪዥን ካሜራ የለውም፤ የሸጠላቸው ራሱ ነው። ከመብራትም አሁን በእጁ ነቅሎታል።

"እትዬ" ብሎ ተጣራ። ስክሪኑ ላይ ቀና ስትል፣ ስትነሳ፣ ብርድ ልብሷ ከጉልበቷ ወለሉ ላይ ሲወድቅ አየ። ከምስሉ ወጣች፤ ወዲያው ኮቴዋ ከኋላው ተሰማ። ደፉ ላይ ስትደርስ አመነታች፤ እንዳታልፈው ተከልክላ ለምዳለች። ከዚያ ገባችና አጠገቡ ቆማ ስክሪኑን አየች።

"ከዚህ ሆኖ ነው የሚያየኝ የነበረው" አለች። "ጥቁር ላይ አፍጥጬ ስስቅ እያየኝ። እኔ እንድስቅ ነው ለካ የሚስቀው።" እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ገመዱም ያን ሁሉ ዘመን በልቡ ሲያሾፍበት የኖረውን ሰው ወደደው፣ ዘግይቶ።

ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ ክንዱን ያዘችው። "ቆይ።"

ስክሪኑ ላይ ሶፋው ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ግን ወለሉ ላይ የለም። ተጣጥፎ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀምጧል። ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም፤ ሹፌሩ ደጅ ሆኖ ጥሩምባውን ይነፋል። ወዲያው ግድግዳው ኳ ኳ አለ። ከሳሎኑ በኩል ነው።

ገመዱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። የእህቱ ፊት ግን ፈካ። ባሏ በሕይወት ሳለ የሚያንኳኳው ሁልጊዜ ከዚህ ክፍል ነበር።

"ተነስቷል" አለች። "አልጋውን ትቶ ተነስቷል። እኔ እኮ እዚህ ታስሮ የቀረ መስሎኝ ነው አልነሳም ያልኩት።" ግድግዳውን መልሳ አንኳኳች። "በል ማሙሽ፣ ንቀለውና እንሂድ።"

ገመዱ ሲሚንቶውን በመሮ ከፍቶ ረጅሙን ገመድ ሳበው፤ የመስታወቱ ክር እንዳይሰበር ሰፋ አድርጎ ጠቀለለው። "አዲሱ ቤት እንዴት አድርጌ ልዘርጋልሽ?" አላት።

"ምን ያደርግልናል" አለች ሻሿን እያስተካከለች።

የቀረውም ዕቃ ተጭኖ እህቱ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ ገመዱም ጥቅልሉን ይዞ ከጎኗ ገባ። በሩን ሊዘጋ ሲል እጅጌውን ጎተተችው።

"ጠጋ በል እንጂ።"

ተጠጋ። በእሱና በበሩ መሃል ባዶ ቦታ ተረፈ። "ገና ነው፣ አትዝጋው" አለች። ጠበቁ። መኪናው በዚያ በኩል ትንሽ ረገብ አለ።

"የቀረ ሰው አለ እንዴ?" አለ ሹፌሩ።

"የለም፤ ሞልተናል። ንዳው።"

ገመዱ ክንዱን በባዶው ቦታ ላይ አሻግሮ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ማንንም እንዳይነካ ተጠንቅቆ።