ያልደረቀ ቀለም

የምሠራው ቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ደንበኛው የመጋረጃ ቁራጭ ወይም ከግድግዳ የተላጠ ልጣጭ ይዞ ይመጣና «ልክ ይህንን» ይለኛል፤ እኔም ነጩ ላይ ሌላውን ጠብ እያደረግሁ እቀላቅላለሁ። ካርቶን ላይ ቀብቼ ሳሳየው «ይሄማ ሌላ ነው» ብሎ ፊቱን ያኮሳትራል። «ይድረቅና እንነጋገር» እለዋለሁ። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ ይለወጣል። ይህንን ለሰው ስናገር አፌን ሞልቼ ነው፤ በራሴ ሲደርስ ግን ጭራሽ ረሳሁት።

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ድመቱ» ይለው ነበር። የእናቴም የሟቹ አባቴም ዓይን ጥቁር፣ የእኔም እንደነሱ፤ እሱ ብቻ ከአመድማ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዓይን ነበረው። ጎረቤቶች እናቴን «ከየት አመጣሽው?» እያሉ ሲቀልዱባት «ሲረክስ ገዛሁት» ትላቸዋለች። ያ ልጅ፣ የሚነዳው የጭነት መኪና ተገልብጦ፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትቶ ሞተ።

ከዚያ ወዲያ እናቴ አንድ ምኞት ብቻ ቀራት። «ያ ዓይን አንዴ መልሶ ቢያየኝ» ትላለች፣ ፎቶውን በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች። እኔም ናፍቆኝ ነበር። ደንበኛ አረንጓዴ ሲያዝዘኝ እጄ ሳላስበው ወደ ወንድሜ ዓይን ይሄድብኛል፤ ደንበኛውም ያላዘዘውን ቀለም እያየ ይነጫነጫል።

ሚስቱ እኛ ቤት እያለች ልጅቷ ተወለደች። ዓይኗን ስትገልጥ አመድማ ነበር። እናቴ «መጣልኝ» ብላ አለቀሰች። እኔ የቀለም አዋቂዋ ደግሞ ጠጋ ብዬ አየሁና «ቁርጥ አባቷን» ብዬ መሰከርኩ። ከዚያ በኋላ እናቴ ሕፃኗን ከጭኗ አላወርድ አለች፤ ዓይን ዓይኗን እያየች ትውላለች።

ወራት ሲያልፉ ግን በብሌኗ ዙሪያ ጠቆር ያለ ነገር ጀመረና እየሰፋ ሄደ። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ልጅቷ መቀመጥ ስትጀምር ዓይኗ እንደ እናቷ ጥቁር ሆኖ አረፈው። እናቴ ልጅቷን መታቀፍ ተወች። «ወገቤን አሞኛል» ትላለች።

የወንድሜ ሚስት ሞኝ አይደለችም። «የእኔ ዓይን የእሱን ዋጠው፣ አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን፣ የልጅቷን ልብስ እያጠፈች። «ክትባቷን ላስጨርስና ወደ እናቴ ቤት ይዣት ልሂድ።» አንጀቴን በላችው።

ለክትባቱ አብሬያት ሄድኩና ነርሷን ጠየቅኋት። «ብዙ ሕፃናት ሲወለዱ ዓይናቸው ላይ ቀለሙ ገና አልሞላም፤ ቀስ እያለ ነው የሚጠቁረው» አለችን።

«ታዲያ የአባቷ የት ሄደ? የወላጆቹ ዓይን ጥቁር ነው፣ የእሱ ግን አረንጓዴ ነበር» አልኳት።

«የትም አልሄደም። ልጅ ከእናትም ከአባትም ይወስዳል፤ ብዙ ነገር ተደምሮ ነው የሚወጣው። አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩ ይጎላና የፈካው ከሥር ይደበቃል። እሷ ውስጥ ግን አለ፤ ለልጆቿ ልታወርሰው ትችላለች። አባቷስ ከሁለት ጥቁር ዓይን አይደል የተወለደው?»

ቤት ስንገባ እናቴ ድንች እየላጠች ነበር። የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔ ውስጥ ነበር ማለት ነው?»

«አንቺም ውስጥ፣ አባባም ውስጥ።»

«ሳላውቀው?»

«ሳታውቂው።»

ፊቷን ወደ ጓዳው አዞረች። «አሁን እሷ ጋ ነው?»

«እሷ ጋ ነው። ምናልባት ልጇ ላይ፣ ምናልባትም የልጅ ልጇ ላይ ይወጣ ይሆናል።»

«እኔ አልደርስበትም።»

«አትደርሺበትም» አልኳት። ልዋሻት አልፈለግሁም።

እጇን ጠራርጋ ተነሣችና ወደ ጓዳ ገባች። ምራቷ ልጅቷን እንዳዘለች ሻንጣ ከፍታ የሕፃኗን ልብስ ትከታለች።

«ስጪኝ እስቲ» አለቻት።

«ወገብዎን ያምዎት የለ፣ እማማ?» አለች ምራቷ፣ ቀና ሳትል።

«ተሽሎኛል።»

ልጅቷን አቅፋ ጥቁር ዓይኗን ለረጅም ጊዜ አየችው። ልጅቷም መልሳ አየቻት። ምራቷ ልብሱን በእጇ እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ሳላውቀው ነው የተሸከምኩት» አለቻት እናቴ ለሕፃኗ፣ ጆሮዋ ሥር። «አንቺ ግን አውቀሽ ተሸከሚልኝ። የመጣ ቀን፣ ‹አያቴ በር በሩን ስታይ ነበር› በይልኝ።»