የደዶ ኮረብታ ደቦ

መስከረም ጠብቶም ክረምቱ ከደዶ አልወጣ አለ። ምሥራቅ ጀርመኖች ኮረብታው አናት ላይ ለሚሠራው የስልክ ጣቢያ ያመጡት ትልቁ የአንቴና ሳህን ከኮረብታው ግርጌ ጭቃ ይዞት ቀረ፤ መኪናውም ቢጮህ ቢያጓራ ንቅንቅ አላለም።

እታገኝ የጅማ ቴሌ ቴክኒሺያን ናት፤ እዚያው ጀርመን፣ ላይፕዚግ ተምራ የተመለሰች። ሳህኑ በሳምንቱ ውስጥ ካልወጣ ዕቃው ለሌላ ክፍለ ሀገር እንደሚሰጥ ከአዲስ አበባ ተነግሯታል። ደዶ ላይ አንዲት ሴት ምጥ ሲጠናባት ወሬው ጅማ የሚደርሰው በበቅሎ ነው። ይህን ስታስብ እንቅልፍ አይወስዳትም።

በችኮላዋ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነገረች። እሱም እንደ ልማዱ «ሁሉም ለዘመቻ ይውጣ!» ብሎ አስለፈፈ። ማን ይምጣ! አንዱ አመመኝ፣ አንዱ ለቅሶ አለብኝ፣ ሌላው በሬ ጠፋብኝ አለ። ትእዛዝ በበዛበት አገር በሽታም ይበዛል።

ጀርመኑ መሐንዲስ ክላውስ «እንክፈላቸዋ» አላት። እሷ ግን ከኮረብታው ሥር ቡና ወዳላቸው ሽማግሌ፣ ወደ አባቦራ ቤት ይዛው ሄደች።

«አባቦራ፣ እባክዎ ይርዱን።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉ አባቦራ፣ «ዘመቻ ካላችሁን አሞናል። ደቦ ካላችሁን ድነናል። በደቦ ደግሞ ገንዘብ የለም። ዛሬ እኛ ለእናንተ፣ ቡና ሲለቀም እናንተ ለእኛ። ፈረንጁም ጭምር!»

እታገኝ ተረጎመችለት። ክላውስ ሳቀና በጀርመንኛ መለሰላት።

«ምን አለ?»

«ቶሌ ብሏል፣ እሺ።»

«እንግዲያው ወላሂ እናወጣዋለን!»

በማግስቱ ያ ሁሉ በሽተኛ ድኖ መጣ። ሳህኑን በረጃጅም እንጨት ላይ አስረው፣ ክላውስም ከአባቦራ ልጆች መሃል ትከሻውን አግብቶ፣ ዘፈን እየተቀባበሉ ኮረብታው አናት ላይ አደረሱት።

ኅዳር ላይ ጣቢያው አለቀ። ክላውስ እሑድ ወደ አገሩ ሊበር ሻንጣውን ሸክፏል። እታገኝን ግን የደቦው ውለታ አሳሰባት። ቡናው ገና ነው፤ ሰውየው ደቦውን ሳይመልስ ሊሄድ ነው። ቆይልኝ እንዳትለው የመንግሥት ቲኬት ነው። «ከእንግዲህ አባቦራን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» እያለች ተብሰለሰለች።

ዓርብ ዕለት እሷና ክላውስ ጅማ ጣቢያ ተቀምጠው የደዶን የመጀመሪያ ጥሪ ይጠብቁ ነበር። ስልኩ ጮኸ። እታገኝ አነሳች። የሙከራው ሠራተኛ መስሏት ነበር።

«ሀሎ! አባቦራ ነኝ! እዚህ ጣቢያ ያለውን ልጅ ለምኜ ነው የደወልኩት። የቆላው ማሳ ቀድሞ ቀላ፣ አልሐምዱሊላህ! ነገ ደቦ ነው። ያ ሰውዬ ቃሉን ረሳ እንዴ?»

ድምፃቸው ጥርት ብሎ፣ አጠገቧ የቆሙ ያህል ይሰማል። እንባዋ መጣ። ለክላውስ ነገረችው።

ክላውስ ስልኩን ተቀበላት። ከኮረብታው የለቀማት አንዲት ቃል ነበረችው።

«ቶሌ፣ አባቦራ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያም ተንበርክኮ ጥግ ላይ ያስቀመጠውን ሻንጣ ፈታና ቦቲ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።