ኦልሞስት የተከደነው ቦይ

እትዬ ሙሉብርሃን ቦይ ውስጥ የወደቁት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ የገዛ በራፋቸው ላይ ነው። ቦዩ ከዳገቱ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ሰፈራችንን ጠርጎ እንዳይሄድ ተብሎ የተቆፈረ ነው። መቆፈሩስ ደግ፤ ሳይከደን ቀረ እንጂ። እግራቸው ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ። ጀሶው ሲፈታ ሐኪሙም ወጌሻውም ሶደሬ ሄደው ፍል ውኃ ውስጥ ይነከሩ አሉ። ሐኪምና ወጌሻ በአንድ ነገር ሲስማሙ ሰምቼ ስለማላውቅ እውነት መሆን አለበት ብዬ ተቀበልኩ።

ግን በምን ይውጡ? ከቤታቸው ወደ መንገዱ የምታሻግረው አንዲት ጣውላ ናት፤ ጣውላ ላይ በክራንች መሄድ ደግሞ የሰርከስ ሥራ ነው። እናቴ ገበያ ስትውል አቅፈው ያሳደጉኝ እኚህ ሴት መስኮት ሥር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲሰድቡ ይውላሉ።

እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የቦዩ ፕሮጀክት ገንዘቡ ከውጭ ስለሚመጣ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ጸሐፊዎቹን አሠልጥን ተብዬ አንድ የአዳማ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቆሜያለሁ። በሁለተኛው ቀን ተራው የግምት ቃላት ሆነ። ሰሌዳው ላይ ደረደርኳቸው፦ አባውት፣ አራውንድ፣ ራፍሊ፣ ኒርሊ፣ ኦልሞስት፣ ሞር ኦር ለስ።

"በትክክል የማናውቀውን ነገር ሳንዋሽ የምንናገርባቸው ናቸው" አልኩ።

እንዲህ የተወደደልኝ ትምህርት የለም። ትናንት ስለ ነጠላ ሰረዝ ሳወራ ያንኮራፉት ሁሉ ነቅተው ሰሌዳውን በስልካቸው ፎቶ አነሱ። አንዱ ለአለቃው ሲልክ አየሁት።

"እስቲ ምሳሌ ስጡኝ።"

ኦቦ ጫምሳ ተነሡ። የሰፈራችን ቦይ ኃላፊ እሳቸው ናቸው፤ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ሰው አክባሪ፣ ለመስደብ የማይመቹ ሰው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ዘ ዲች ኢዝ ኦልሞስት ከቨርድ" አሉ። ቦዩ ተከድኖ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው ማለታቸው ነው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ደሜ ፈላ።

"የትኛው ቦይ ነው፣ ኦቦ ጫምሳ?"

"የእናንተው ሰፈር ነዋ መምህር! ሪፖርቱንም እኮ ልከናል።"

"እኔ አንድም ክዳን አላየሁበትም።"

"መንገድ ላይ ነው።"

መንገድ ላይ! ቤቱ ካልሲውን እየፈለገ "ሞጆን አልፌያለሁ፣ ምሳ እዘዝልኝ" የሚል ሕዝብ መሆናችንን አውቃለሁ። ያን ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ሲባል ተናጋሪውም ያውቃል፣ ሰሚውም ያውቃል፤ ተሳስቀን እናልፈዋለን። በእንግሊዝኛ ሲሆን ማኅተም ይመታበታል። በእናቱ ቋንቋ "ሠርቻለሁ" ለማለት ምላሱ የሚተሳሰርበት ሰው ኦልሞስትን ሲያገኝ ዓይኑን አያሽም።

ከኋላ የተቀመጠችው መሐንዲስ ቦንቱ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ምንም ካልተሠራስ ኦልሞስት ይባላል?"

"በዕቅድ ደረጃ" አሏት ኦቦ ጫምሳ፣ ፈገግ ብለው።

"ተነሡ" አልኩ። "የተግባር ትምህርት አለን።"

በፕሮጀክቱ ኮስተር ጭኜ ሰፈር ወሰድኳቸው። ነፋሱ አቧራውን ፊታችን ላይ ይበትናል። እትዬ ሙሉብርሃን ከመስኮታቸው አንገታቸውን አወጡ።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው? ለቅሶ ነው?"

"ሥልጠና ነው፣ እትዬ።"

"ምን ይሠለጥናሉ?"

"ያልተሠራውን 'ሊያልቅ ነው' ማለት።"

"እሱንም ትምህርት ቤት ገቡለት? እኔ እኮ በተፈጥሮ የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር!"

ኦቦ ጫምሳ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። "እናቴ፣ እግርዎ እንዴት ነው? አይዞዎት፣ ኦልሞስት ጨርሰናል።"

"ምንድን ነው ኦልሞስት?"

"ለጥቂት ማለት ነው፣ እማማ" አለች ቦንቱ።

"እንግዲያው እኔም ለጥቂት ነው ያልሞትኩት። ጻፉታ! ደግሞ ምን ውጭ አቆማችሁ? ግቡ እንጂ።"

ኦቦ ጫምሳ አንድ እግራቸውን ጣውላዋ ላይ አሳረፉ። ጣውላዋ ሲጥ አለች። እግራቸውን መለሱ።

"ይግቡ እንጂ" አልኳቸው። "ኦልሞስት ድልድይ ናት።"

ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። "ነገ የምስክር ወረቀት ነው" አልኳቸው ኦቦ ጫምሳን። "እትዬ ሙሉብርሃን ነገ ከቤታቸው ካልወጡ፣ የእርስዎ ላይ 'ሥልጠናውን ኦልሞስት ጨርሰዋል' ብዬ ነው የምጽፈው።"

"መምህር! ለዕድገት የማስገባው እኮ ነው። ይሄ ይገባል?"

"ሪፖርት ላይ ከገባ፣ እዚያም ይገባል።"

በማግስቱ ማለዳ የጭነት መኪና መጣ። ዓይኔን አላመንኩም፤ ከእትዬ በራፍ ፊት ሦስት የኮንክሪት ክዳን ተነጠፈ። ለሌላው ጎረቤት ምንም የለም፤ ለእሳቸው ብቻ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ሌላው ጎረቤት አልጠየቅኩም። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፎጣቸውን በፌስታል ይዘው፣ በክራንች ብቅ አሉ። ሶደሬ የሚወስዳቸው ባጃጅ ጠርተናል። የኦቦ ጫምሳን ወረቀት ያለ ኦልሞስት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ባጃጁ ዘግይቶ፣ የፊት ጎማው ተጣሞ፣ እያነከሰ መጣ። ነጂው ኢሊያስ ከታችኛው ሰፈር ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

"ማል ታኤ፣ ኢሊያስ? ምን ሆንክ?"

"ምን ልሁን! የኛን ቦይ ክዳን ነቅለው ወስደውታል። ጠዋት ልጄ ቀድማኝ ወጥታ ገባችበት፣ ወላሂ አንጠልጥዬ ነው ያወጣኋት። ጉልበቷ ተልጧል። ቀጥሎ ባጃጄ ገባ። ሌባ ኮንክሪት ይሰርቃል? ኮንክሪት ይበ..."

ዓይኑ መሬት ላይ ቀረ። ከተነጠፉት ክዳኖች በመካከለኛው ላይ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በእንጨት የተጫረ ስም አለ፦ ሃፍሳ።

"ይቺማ የኛ ናት" አለ፣ ድምፁ ወርዶ። "ልጄ ሲያፈሱት የጻፈችው ነው። ተቆጥቻት ነበር።"

እትዬ ሙሉብርሃን አንዱን ክራንች ክዳኑ ላይ አሳርፈው ነበር። አነሡት። ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ እንዲያ አይተውኝ አያውቁም።

"አንተ ነህ ያስመጣኸው?"

"ክዳን ይምጣ ነው ያልኩት እትዬ፣ ከየት እንደሚመጣ..."

"አልጠየቅክማ!"

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ኦቦ ጫምሳ ድምፃቸው ደስ ብሎታል። "መምህር! አዩት አይደል? ወረቀቴን ይዤ ልሂድ፣ መጣሁ፤ ኦልሞስት ደርሻለሁ።" ከበስተጀርባቸው ዶሮ ይጮሃል፣ ሚስታቸው ቁርስ ቀረበ ትላለች።

"ምን አለ?" አሉ እትዬ።

"ደርሻለሁ ነው የሚሉት።"

እትዬ የሃፍሳን ስም በክራንቻቸው ሳይነኩ፣ በዳር በዳር ተሻገሩ። ኢሊያስ ደግፎ ባጃጁ ውስጥ አስገባቸው።

"ሶደሬ ነው፣ እማማ?"

"ሶደሬ ይቆየኝ። ወደ ሰውዬው ቢሮ ንዳው። የፈላ ውኃ ውስጥ መነከር ያለበት እዚያ ነው የሚውለው።" ከዚያ ወደ እኔ፦ "አንተም ግባ፣ ያቺን ወረቀትህን ይዘህ። እሱ ፊት ነው የምትቀድዳት።"

ገባሁ። ባጃጁ እየተንገዳገደ ተነሣ። ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር።

"ሃሎ? መምህር? የት ናችሁ?"

"መንገድ ላይ ነን" አልኳቸው።

እኛ ግን እውነትም መንገድ ላይ ነበርን።