ወረታ ላይ መኪና ሲቀየር

ከወንዛዬ ፍል ውኃ ታጥቦ የሚመለስ ሰው ቤቱ እስኪገባ ነፋስ አይንካው ይባላል። ነፋስ ካገኘው የታጠበው ሁሉ ከንቱ ነው። ድንቅነሽ ይህን ነገር ከጾም እኩል አጥብቃ የያዘች ሴት ናት። ባሏን ካሴን ወገቡ አላላውስ ቢለው፣ ፍል ውኃው ዳር ስንቅ እያበሰለች፣ ደግፋ እያስገባች፣ ደግፋ እያስወጣች ሳምንት ሰነበተች። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። የካሴ ወገብ ካልተፈታ የሩዝ ማሳቸው ጎረቤታቸው ደሴ አርሶ ምርቱን እኩል እንዲካፈል ሊሰጠው ነው። ካሴ ደግሞ "በሬዬን ሌላ ሰው ከሚጠምደው እኔው ልጠመድ" የሚል ሰው ነው።

ቤታቸው ዓለም በር ነው። ከወንዛዬ ሐሙሲት አንድ መኪና፣ ከሐሙሲት ወረታ ሌላ፣ ከወረታ ደግሞ የደብረ ታቦሩን መስመር መያዝ አለ። መኪና ውስጥስ መስኮት ይዘጋል፤ ጣጣው መውረዱ ላይ ነው። ወረታ መናኸሪያ ሲደርሱ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ አቧራውን እያንከባለለ ጠበቃቸው። ድንቅነሽ ጋቢውን ከአናቱ እስከ ጉልበቱ ጠቀለለችው፤ ለአፍንጫው ብቻ ቀዳዳ ተወችለት።

"አፍህን እንዳትከፍት! ነፋስ በአፍ ነው የሚገባ!" ብላ ጮኸችበትና ግድግዳ ጥግ አስቀምጣው የመኪናውን ተራ ልትጠይቅ ሄደች።

ስትመለስ እጁን ይዛ ጎተተችው። ጋቢው ነጭ፣ ሰውየው ጎንበስ ያለ፣ ዝም ያለ፤ ምኑን ትጠራጠር? የኋላ ወንበር ላይ አስገብታው አጠገቡ ዘፍ አለች። እግሯ ጭቃ የያዘው ያህል ከብዷታል።

"ስማ፣ አንተ ሰው" አለች፣ መኪናው እስኪሞላ። "እኔ ደክሞኛል። አንተ ትታጠባለህ፣ እኔ እሸከማለሁ። የኔን ወገብ የጠየቀ አለ? ይኸ ካልበጀህ መሬቱን ለደሴ ስጠው፤ ወንዛዬን ዳግመኛ አላያትም። ግትር! እንዳንተ ያለ በሬ ገበያ ቢወጣ ገዢ አያገኝም።"

ጋቢው ትንሽ ነቅነቅ አለ። ሰማኝ ብላ ልቧን ቀለል አላት።

መኪናው ሞልቶ የከተማውን ዳር እንዳለፈ ረዳቱ ወደ ኋላ ዞረ። "አባት፣ የት ነው የሚወርዱ?"

ጋቢው ተገለጠ። ነጭ ጢም ወጣ፣ ጥምጥም ወጣ። አዲስ ዘመን አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ነበሩ፤ እሳቸውም ከወንዛዬ መመለሳቸው።

"እኔስ በሌላው መስመር፣ አዲስ ዘመን ነበር የምሄድ" አሉ።

ድንቅነሽ ፊቷን የምታስገባበት አጣች። "አባቴ፣ ይፍቱኝ! አንተ ማለቴ... ግትር ማለቴ... ምነው ታዲያ ዝም አሉ?"

"ግድግዳው ጥግ ከባልሽ አጠገብ ነበርሁ። ነፋስ በአፍ ይገባል ስትይው ሰማሁና እኔም ዘጋሁ። መኪና የምታሳፍሪኝ መስሎኝ ተከተልሁሽ። ኋላማ፣ እንዲያ የምትናገርን ሴት ማን ያቋርጣል?"

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ ወርደው ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበሉ በእግራቸው ተመለሱ። ድንቅነሽ ነጠላዋን ዘርግታ ልትጋርዳቸው ትሞክራለች፤ ነጠላው ግን መልሶ እሷኑ ይጠቀልላታል።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሏት መናኸሪያው በር ላይ ሲለያዩ። "ያልሽውን ግን ለባልሽ ንገሪው። እኔ አላደርስልሽም።"

ካሴ መናኸሪያው መሀል ቆሟል። ጋቢው ትከሻው ላይ ተጥሏል፣ ራሱ ተገልጧል፣ አፉ እስከ ጉሮሮው ተከፍቷል፤ "ድንቄ! ድንቄ!" እያለ በየመኪናው መስኮት ያጮልቃል። የወረታ ነፋስ አንድ ሳይቀር ገብቶበታል።

"አፍህን ዝጋ" አለችው። ለመቆጣት እንኳ አቅም አነሳት።

"የት ጠፋሽ አንቺ?"

"ካንተ ጋር መኪና ውስጥ ነበርሁ።"

"ከኔ ጋር? እና ምን አልሁሽ?"

"አንተማ ዝም አልህ። እኔ ደክሞኛል አልሁ።"

ካሴ አያት። ቀና ሊል ሞከረና ግማሽ መንገድ ላይ ወገቡን ይዞ ቀረ። ነፋሱ ይሁን ዕድሜው፣ እግዜር ይወቅ።

"እንግዲህ አግኝቶኛል" አለ። "ለደሴ እንስጠው።"

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ተጨቃጭቃ ነበር። ስትሰማው ግን ደስታም ኀዘንም አልመጣላት፤ እንቅልፍ ብቻ መጣባት። ቀጣዩ መኪና ውስጥ ገና ተሳፋሪው ሳይገባ ተኛች። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ዓለም በር! ደብረ ታቦር!" ሲል፣ ካሴ ትከሻውን ነካ አደረገው።

"ቀስ ብለህ ጩኽ፣ ልጄ" አለው።